ከጨንቻ ወደ ሲቀላ የወረደው ቤት

አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ወይም ምግብ ቤት የሚሠራ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ብሎኬቱ ተደርድሮ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ፣ ልስኑ ካለቀ በኋላ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ባህላዊ አድርግልኝ።» ምን ዓይነት ባህላዊ ብዬ ስጠይቀው በእጁ አየር ላይ ጎበጥ ያለ፣ ከፊቱ ሾጠጥ ብሎ የወጣ ነገር ይሥልልኛል። የዶርዜን ቤት ማለቱ ነው።

ሥራዬ ቤት ማስዋብ ነው። ቀርከሃ፣ ቁርበት፣ ቅል፣ ሸማ እየገጣጠምኩ የሲሚንቶ ግድግዳ አለብሳለሁ፤ እንጀራዬም ይኸው ነው። ግድግዳ ላይ የምሰቅለው እያንዳንዱ ነገር ቀድሞ የት እንደነበረና ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ ግን ዕዳዬ ነው ብዬ አምናለሁ። በዶርዜ ቤት ውስጥ ለጌጥ ተብሎ የገባ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ያም ሆኖ ያማረ ቤት ነው። ውበቱ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ውበቱን ብቻ ገልብጦ ማውረድ ምን እንደሚያስከትል በየቀኑ በሥራዬ ላይ ስለማየው ነው ይህን የምጽፈው።

ከሲቀላ በሶዶው መንገድ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ጨንቻ ይወጣል። ሲቀላ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ ደግሞ 2 ሺህ 700 ገደማ። በዚያች አጭር ጉዞ ሙዙና ማንጎው ከኋላ ይቀራል፤ እንሰትና ቀርከሃ ይጀምራል፤ የመኪናው መስኮት ይዘጋል፤ ጋቢ ከሻንጣ ይወጣል። ዶርዜ ከጨንቻ ከተማ በፊት፣ ጭጋግ ከሚያድርበት ከፍታ ላይ ይገኛል። ቤቱን የወለደው ይህ ብርድ ነው።

ብዙ የኢትዮጵያ ጎጆ ቤት በምሰሶ ይቆማል። መጀመሪያ ምሰሶው ይተከላል፤ ግድግዳው ይማገራል፤ ጣራው ተለይቶ ይሠራና ይከደናል። የዶርዜ ቤት ግን ምሰሶም፣ ተለይቶ የሚታወቅ ጣራም የለውም። የበሰለ የደጋ ቀርከሃ በክብ መስመር መሬት ውስጥ ይተከላል። ሌላው ቀርከሃ በቁመቱ ተሰንጥቆ እንደ ጠፍር ይሳሳና በቆሙት መካከል ወጣ ገባ እያለ ይጠለፋል። ሥራው ከፍ ባለ ቁጥር የቆሙት ወደ ውስጥ እየተለመጡ ከላይ ይገናኛሉ። ግድግዳው ራሱ ጣራ ይሆናል። ከዚያ በላዩ የእንሰት ቅጠልና የቀርከሃ ልባስ፣ ማለትም ቀርከሃው ሲያድግ ከግንዱ የሚለቀው ደረቅ ሽፋን፣ በድርብርብ ይለብሳል፤ ዝናቡ በዚያ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል። አዲስ ቤት እስከ 12 ሜትር ቁመት ሊኖረው ይችላል። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ጁዲት ኦልምስቴድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለዚሁ ቤት ስትጽፍ ርዕሷ ላይ «የቀርከሃ ቅርጫት» ብላ ጠርታዋለች። ቤቱን የሚሠሩት ሰዎች ሸማኔዎች ለሆኑበት አገር ትክክለኛ አጠራር ነው። ድርና ማግ የለመደ እጅ ቤትም ሲሠራ በድርና ማግ ያስባል።

ከፊት የሚወጣው ሾጠጥ ያለ በረንዳ የዝሆን ኩምቢ፣ ከበላዩ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ደግሞ የዝሆን ዓይን ናቸው ይባላል። ሽማግሌዎቹ ድሮ በዚህ አገር ዝሆን ነበር፤ ቤቱም የእሱ አምሳል ነው ይላሉ። እኔ ይህን ታሪክ ለጎብኚ በደስታ እነግራለሁ። ቢሆንም በረንዳው ብርድ የሚከለክል፣ ሰው ከመግባቱ በፊት ዝናቡን የሚያራግፍበት፣ እንግዳም ተቀምጦ የሚጠብቅበት ቦታ ነው፤ ቀዳዳዎቹም ብርሃን ያስገባሉ፣ ጭስ ያስወጣሉ።

ወደ ውስጥ እንግባ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነውና። መጀመሪያ ዓይን ምንም አያይም። ትንሽ ቆይቶ መሐል ላይ ምድጃው ይታያል። በአንድ በኩል ከተጠለፈ የቀርከሃ ክፋይ ጀርባ ከብቶቹ አሉ። ላምና ጥጃ ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድሩት ሌባና ጅብ እንዳያገኛቸው ብቻ አይደለም፤ ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቀዋል። በሌላ ክፋይ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ አለ፤ በላዩም ቁርበት። ክፋዮቹ ራሳቸው የተለያየ ሽመና አላቸው፤ አንዱ ስንጣሪ ሁለት ያልፍና አንድ ይጠልፋል፣ ሌላው አንድ በአንድ ነው። ዓይን ያንን እንደ ሥዕል ያየዋል። ሸማኔው ግን ያንን ያደረገው ከብት የሚጋፋው ክፋይ ጠበቅ፣ አየር የሚያስፈልገው ደግሞ ላላ እንዲል ነው።

ግድግዳው ላይ ቅሉ ይንጠለጠላል፤ ወተትና ቅቤ ከመሬት መራቅ ስላለበት። የቀርከሃና የቅል ጋያ አለ፤ ለትምባሆ። ጦር አለ። ማሰሮና ገንቦ ከምድጃው ዙሪያ አሉ። ከእነዚህ ከብዙዎቹ ጀርባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነሱ ሰዎች አሉ። ዶርዜም አንዱ በሆነበት በጋሞ ማኅበረሰብ ውስጥ መሬት ያላቸው ማላ ይባላሉ። ሸክላ የሚሠሩት ማና፣ ቆዳ የሚፍቁትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደጋላ ናቸው፤ ከማላ ጋር መጋባት አልተፈቀደላቸውም ነበር። ማሰሮው ከእነሱ እጅ ሳይወጣ፣ ቁርበቱ በእነሱ እጅ ሳይፋቅ የትኛውም የዶርዜ ቤት ሙሉ አይሆንም ነበር፤ ሠሪው ግን ከማኅበሩ ዳር ይቀመጥ ነበር። የጋሞ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ የተጣበቀ የድንጋይ መፋቂያ ይጠቀሙ ስለነበር ከዓለም ዙሪያ ተመራማሪዎችን ስበዋል።   ደንበኛዬ ግድግዳው ላይ አንድ ቁርበት እንድሰቅል ሲጠይቀኝ የምነግረው ይህንን ነው። ዋጋ ሲከራከር ደግሞ ደግሜ እነግረዋለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ጭሱ ነው። የዶርዜ ቤት የጭስ መውጫ ቱቦ የለውም። ከሁለቱ ቀዳዳዎች ሌላ ጭሱ በጥልፉ መካከልና በእንሰቱ ልባስ ውስጥ አልፎ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከዓመት ዓመት ጥቀርሻው ቀርከሃውን ያጠቁረዋል፤ ያጠነክረዋል፤ ነቀዝ እንዳይገባበት ይከላከለዋል። የቆየ ቤት ውስጥ የሚታየው ያ ቡና የመሰለ ጥቁር አብረቅራቂ ቀለም በማንም እጅ አልተቀባም። እዚያ ቤት ውስጥ የበሰለው ቆጮ፣ የተቀቀለው የቡና ቅጠል፣ የሞቀው ሕፃን ሁሉ እዚያ ቀለም ውስጥ አለ።

ጭሱ ግን ከሥር አይደርስም። መሬት ውስጥ የተተከለውን እግር ምስጥ ይበላዋል። ያኔ የዶርዜ ሰው ቤቱን አያፈርስም። የተበላው እግር ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ወይም ጎረቤት ተጠርቶ፣ እንጨት ከሥሩ ተሸጉጦ፣ ቤቱ በሰው ትከሻ ተነስቶ ወደ አዲስ ቦታ ይሄዳል። አንድ ቤት ከ60 እስከ 80 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ በሽማግሌነቱም ሲወለድ ከነበረው ቁመት እጅግ አጥሮ ይገኛል። አንድን ግቢ አይቶ የትኛው ቤት የአባት፣ የትኛው የልጅ እንደሆነ በቁመታቸው መገመት ይቻላል። ቤት ከነነፍሱ በትከሻ የሚሄድበት አገር ሰው መሆኔ ያኮራኛል።

እዚያው ቤት ውስጥ፣ ወይም ከጎኑ ባለች ትንሽ ጎጆ፣ የሸማው ዕቃ ነበር። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፤ ሴቶቹ ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር የጋሞን ደጋ ከያዘ በኋላ ሸማኔዎቹ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ጀመሩ። ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ላይ ሰፈሩ፤ የአገሪቱን ነጠላና ጋቢ በብዛት የሚሠሩት እነሱ ሆኑ። ለመስቀል ግን ይመለሳሉ። የመስከረም ወር በጋሞ ደጋ ላይ ያለው ግርግር በዓመቱ ውስጥ ወደር የለውም፤ አጥሩ የሚጠገነው፣ ክዳኑ የሚታደሰው፣ ቅቤው የሚነጠረው ለዚያ ነው። ከሽሮ ሜዳ የሚመለሰው ሸማኔ ከገንዘቡ ሌላ አዲስ አበባ ያየውን ቤትም በዓይኑ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ቆርቆሮ ጣራና አራት ማዕዘን ክፍል።

አርባ ምንጭ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ነው፤ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ ታች ሲወርድ። ቢሮው ሴቻ በተባለው የከተማዋ ክፍል፣ ገበያውና መናኸሪያው ሲቀላ ላይ ሆነ። የደጋው ሰው ለዘመናት ወባ የሚፈራበት ቆላ ላይ ቤት መሥራት ጀመረ። የሠራው ግን የጭቃ ቤት በቆርቆሮ ነው። እኔ ባደግሁበት የሲቀላ ሰፈር አያቶቻቸው ዶርዜ ቤት ውስጥ የተወለዱ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ፤ አንድም የቀርከሃ ቤት ግን አልነበረም። ትክክልም ነበሩ። ያ ቤት ሙቀት ለማቆየት የተሠራ ነው፤ ሲቀላ ላይ ደግሞ ሰው ከሙቀት ነው የሚሸሸው። ቀርከሃውም ከደጋ መምጣት አለበት፤ ምስጡ ደግሞ እዚህ ይብሳል። አያቴ ከጨንቻ ስትወርድ ይዛ የመጣችው ቡሉኮዋን፣ ቅሏንና በርጩማዋን ብቻ ነው። በርጩማው ጥቁር ነበር፤ ከጨንቻው ጭስ።

ቀጥሎ ቱሪስቱ መጣ። በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዳርቻ ሆቴል በመሥራት ስማቸው የሚነሳው አቶ በቀለ ሞላ አርባ ምንጭ ላይም ሆቴል ነበራቸው፤ ከገደሉ አፋፍ አባያና ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይን የሚያሳይ። ያኔ ጎብኚው የሚመጣው ለሐይቁ፣ ለአዞውና ለነጭ ሣር የዱር አራዊት ነበር። ጎጆ ቅርጽ ያላቸው የሳር ክዳን ማረፊያዎች ገደሉ ጫፍ ላይ የበረከቱት በኋላ ነው፤ ፓራዳይዝ ሎጅ ከእነሱ የታወቀው ነው። ዶርዜ ላይም ሎጅ ተከፈተ፤ እንግዳው በቀርከሃ ቤት ያድራል፣ ቆጮ በማርና በዳጣ ይበላል። ከዚያ ወዲህ የሲቀላ ባለሆቴሎች ሁሉ የቀርከሃ ግድግዳ ፈለጉ። እኔም ሥራ አገኘሁ።

የኑሮ ቤት ለእንግዳ ጌጥ መሆኑ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በሥራዬ ምክንያት የሌሎችን አገሮች የገጠር ቤት አሠራር እከታተላለሁ፤ ከሁሉም የአሜሪካ ምዕራብ የከብት አርቢዎች ቤት ይስበኛል። ግንድ በግንድ ላይ የተጋደመ ግድግዳ፣ የድንጋይ ምድጃ፣ ወለል ላይ የላም ቆዳ፣ ከበር በላይ የአጋዘን ቀንድ፣ ከጣራው የተንጠለጠለ የጋሪ ጎማ በዙሪያው አምፖል የተሰካበት። ይህ ሁሉ ሲጀመር ችግር የወለደው ነው። ከብት ጠባቂው ግንድ የተጠቀመው ጣውላ ስላልነበረው ነው፤ ቆዳ ያነጠፈው ምንጣፍ ስላልነበረው። ከዚያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1886 እና በ1887 መካከል በነበረው ክረምት ብርዱ የሜዳውን ከብት ፈጀው። የተረፉት አርቢዎች ከከተማ የሚመጣ እንግዳ በገንዘብ ማስተናገድ ጀመሩ። በ1904 የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ በግንድና በድንጋይ የተሠራው ኦልድ ፌዝፉል ኢን ሲከፈት የገጠሩ ቤት ለባለጸጋ እንግዳ ሆቴል ሆኗል። በ1931 ደግሞ ቶማስ ሞልስዎርዝ የተባለ ሰው በዋዮሚንግ ግዛት ኮዲ ከተማ የቤት ዕቃ ሥራ ድርጅት አቁሞ በእንጨት ጉጥ፣ በቆዳና በቀንድ የሠራቸውን ወንበሮች ለሀብታሞች ቤት ይሸጥ ነበር። የጋሪው ጎማ ጣራ ላይ የወጣው ጋሪው መሄድ ሲያቆም ነው።

ሞልስዎርዝን አልነቅፈውም። የሠራቸውን ወንበሮች ሥዕል ሳይ የእንጨቱን ጠማማነት ሳያቃና መጠቀሙ ያስደስተኛል። በእጅ የተሠራ ነገር ነው፤ ሰው ተቀምጦበት ኖሯል። የእኛም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ቀርከሃው ከጨንቻ ሲወርድ እጁ አብሮ ይወርዳል ወይስ ቅርጹ ብቻ?

ብዙ ጊዜ ቅርጹ ብቻ ነው። ያልበሰለ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ርካሽ ስለሆነ ይገዛል፤ እርጥብ እንዳለ ይሰነጠቃል፤ በሚስማር ብሎኬት ላይ ይመታል፤ ቫርኒሽ ይቀባል። ለምረቃው ቀን ያበራል። ከወራት በኋላ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይራገፋል፤ ነቀዙ ውስጡ ያለውን ጣፋጭ እየበላ ነው። በጨንቻው ቤት ይህን የሚከለክለው ጭስ ነበር። ሲቀላ ላይ ጭስ የለም፤ ማዕድ ቤቱ ከኋላ ነው፤ አዳራሹ ቬንቲሌተር አለው። ስለዚህ ቀርከሃዬን የምገዛው ከበሰለው ነው፤ ወራጅ ውኃ ውስጥ አስተኝቼ ጣፋጩ እንዲወጣ አደርጋለሁ፤ ጥላ ሥር አደርቀዋለሁ፤ ከቻልኩም አጨሰዋለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ባለቤቱ ይቆጣል። ይቆጣ።

ጨርቁም እንዲሁ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሚፈራረቅበት ዱንጉዛ የጋሞ ሰው የክብር ልብስ ነው። ዛሬ መጋረጃ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ ሆኗል፤ ይሁን፤ ሸማኔው እስከተከፈለው ድረስ ገበያው መስፋቱ መልካም ነው። ገበያ ላይ ግን በማሽን የታተመ፣ ከሩቅ ዱንጉዛ የሚመስል ጨርቅ አለ። ገልብጦ ማየት ይበቃል፤ ጀርባው ነጭ ነው። እጅ የሸመነው ከሁለቱም በኩል አንድ ነው። የታተመውን እንድሰቅል የጠየቀኝን ሥራ አልቀበልም።

በደጋውም ነገሩ እየተለወጠ ነው። ጨንቻ ዛሬ የምትታወቀው በፖሟ ነው፤ መሬቱ ለፖም ሲሰጥ ቀርከሃው ይቀንሳል። የቆርቆሮ ቤት ይበልጥ ተፈላጊ ነው፤ ከብትና ጭስ የሌለበት ቤት ለሳንባም ለዓይንም ይሻላል፤ ማንም ልጁን በጥቀርሻ ውስጥ ማሳደግ አለበት አልልም። ሙሉ ቤት ከሥር እስከ ጫፍ ሸምነው የሚጨርሱ ሰዎች ግን አሁን በዕድሜ ገፍተዋል፤ ወጣቱ የሚለምደውም ለቱሪስት የሚሠራውን ትንሹን ነው።

ከእነዚህ አዛውንቶች አንዱን ሲቀላ ላይ ለሚሠራ አንድ ምግብ ቤት ክፋይ እንዲሸምኑልኝ ለምኜ አወረድኳቸው። ሌሎች እንደሚያደርጉት ተሠርቶ ያለቀ ልገዛ አልፈለግሁም፤ እዚያው ቦታውን አይተው፣ ልኩን ለክተው እንዲሠሩ ነበር ፍላጎቴ። አዳራሹን ዞሩት። ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩት። ከዚያ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ እሳቱ የት ነው የሚነደው?»

«እዚህ እሳት የለም አባባ፣ ማዕድ ቤቱ ወዲያ ነው።»

«እንግዲያ ከብቱስ?»

«ከብትም የለም።»

«ታዲያ ክፋዩ ምንን ከምን ይከፍላል?»

መልስ አልነበረኝም። ባለቤቱን ጠርቼ ሦስታችን ተቀመጥን። በመጨረሻ የቡናው ቦታ ከበሩ አጠገብ ወደ አዳራሹ መሐል ተዛወረ፤ ጀበናው በጋዝ ምድጃ መሆኑ ቀርቶ ከሰል ላይ ሆነ፤ ዕጣኑም እዚያው። ሽማግሌው ክፋዩን በሁለት ዓይነት ሽመና ሠሩት፤ ከቡናው በኩል ጭሱ እንዲያልፍ ላላ ያለ፣ ከመንገዱ በኩል ድምፅና አቧራ እንዲይዝ ጠበቅ ያለ። ከላይ ደግሞ ብሎኬቱን አስበስተው ሁለት ቀዳዳ አስወጡ። ማሰሮዎቹን ከማና ቤተሰብ ሴቶች በቀጥታ ገዛን፤ ሁሉም ውኃ ይያዝባቸዋል፣ ባዶውን የቆመ የለም። ሽማግሌው አብረዋቸው የመጡትን ሁለት ወጣቶች ስንጣሪውን ሲስሉ እጃቸውን እየያዙ ያስተምሩ ነበር፤ ለእነሱም እንደ ሠራተኛ ከፈልን።

ክፋዩ አሁን ከቡናው በኩል መጥቆር ጀምሯል። ባለቤቱ ቫርኒሽ እንቀባው ብሎ ደውሎልኝ ነበር፤ እንዳይነካው ነገርኩት። እኔም ከዚያ ሥራ ወዲህ «ባህላዊ አድርግልኝ» ለሚለኝ ሰው የማስቀድመው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ብሎኬቱ ሳይደረደር፣ መሠረቱ ገና ሲቆፈር እንዲጠራኝና እሳቱ የት እንደሚሆን እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ።